የቆየ ሪቮልቨር እንዳይዝግና መልኩ እንዳይለቅ እንዴት ይያዛል?

ከአጎቴ የወረስኩት ሪቮልቨር ሽጉጥ ግራ ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጣ ያለች ቦታ አለችው። ዝገት አይደለችም። ዝገት አጠፋለሁ ብዬ ያጠፋሁት የብረቱ መልክ ነው። አጎቴ ስንት ዓመት ሲይዘው ያልደረሰበትን ጉዳት እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ አደረስኩበት።

ጥፋቴ የመጣው ካለማወቅ ነው። ያ ሰማያዊ የሚያጠላበት ጥቁር መልክ ቀለም ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ፋብሪካው የብረቱን ገጽ በኬሚካል ሆን ብሎ ኦክሳይድ አድርጎት የተፈጠረ በጣም ስስ ሽፋን ነው። ማግኔታይት ይባላል፤ ብረትና ኦክስጅን ነው። ቀዩ ዝገትም ብረትና ኦክስጅን ነው፣ ውሃ ሲጨመርበት። በአጭሩ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱን የሚበላ ነገር ሌላውንም ይበላል። ደግሞ ሽፋኑ ብቻውን ዝገትን ያን ያህል አይመክትም። ዋናው ጥቅሙ ዘይት ይዞ ማቆየቱ ነው። ዘይቱ ካለቀ ብረቱ ራቁቱን ነው።

1. ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ጉድጓድ በዓይን እዩ፣ በጣትም ንኩ። አንዳንድ የድሮ ሪቮልቨር ወደ ጎን አይከፈትም፤ በጎን ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ እያዞራችሁ ነው የምታዩት። ስድስት ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። የሩሲያው ናጋንት 1895 ለምሳሌ ሰባት ጥይት ነው የሚይዘው። ጥይቱን ከጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ አውጡት።

2. ከቆዳ ማህደሩ አውጡት

ይህን ብቻ ብታደርጉ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ ውስጡ ይቀራል። በዚያ ላይ እርጥበት ይጠጣል። ማህደሩ ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ውስጡ ስፖንጅ የለበሰ ሳጥንም ያው ነው። ሲያዩት ያምራል፤ እርጥበቱን ግን ይዞ ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል።

3. ማጽዳት

የባሩዱን ጥላሸት በብሩሽና በመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ ማስለቀቅ ለማንም አይጠፋም። የሚረሳው ቦታ ቀለሃ የሚያወጣው ኮከብ መሳይ ብረት ሥር ነው። ገፋ አድርጋችሁ ከሥሩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በድሮ የጦር ሠራዊት ጥይት ተተኩሶ ከሆነ ዘይት ብቻውን አያድናችሁም። የእነዚያ ጥይቶች ማቀጣጠያ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በውሃ ነው የሚሟሟው። አፈሙዙንና ሲሊንደሩን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ዘይት። በሽጉጥ ላይ ውሃ ማፍሰስ መጀመሪያ ላይ እጅ ያስፈራል፤ ጨውን ትቶ ማደር ግን ይብሳል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው በኒኬል የተለበጠ ከሆነ አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ አታስጠጉት። ከኒኬሉ ሥር ብዙ ጊዜ የመዳብ ንጣፍ አለ። አሞኒያው በትንሽ ጭረት ገብቶ መዳቡን ይበላና ኒኬሉ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

4. እጀታውን መፍታት

ላብ ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ከላይ የሚያበራ ሽጉጥ እጀታው ሲነሳ ቀይ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ መሙላት አለበት። ቤት ውስጥ ያለው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ አምልጦ ይፈነጥርና ብረቱን ይቧጭራል። እዚህ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ፣ ለመሣሪያ ብሎን የተሠራውን ግዙ። እንጨቱ አልነሳ ካለ በጠርዙ አትፈልቅቁት። ብሎኑን ጥቂት ዙር ብቻ አላልታችሁ ጭንቅላቱን በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ከዚያኛው ወገን ያለው ይነሳል።

5. ቀዩ ነጥብ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ነጥቧን ሳያት ኮምጣጤ ዝገት እንደሚያስለቅቅ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ጨርቅ ነክሬ ለጥፌባት ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ዝገቱ ጠፍቷል፤ በዙሪያው የነበረው ጥቁር መልክም አብሮ ጠፍቷል። አሲዱ ወንድማማቾቹን አልለየም። የሎሚ ጭማቂ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። የጥላሸት ምልክት ያለምንም ድካም የሚያነሳው በማጽጃ ኬሚካል የተነከረ ጨርቅም ከጥቁር ብረት ላይ መልኩን ይጠርገዋል።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው። ነጥቧ ላይ ስስ ዘይት አድርጉና ተዉት። ደቂቃ አይደለም፤ ይደር። ዘይቱ ዝገቱን እያለሰለሰው ይገባል። በማግስቱ በሻካራ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ያልጠነከረ ዝገት በዚህ ይለቃል። ካልለቀቀ ሌላ ዘይት ጨምራችሁ አንድ ቀን ስጡት።

እምቢ ካለ ብቻ ወደ ብረት ሽቦ ሂዱ። ድስት የሚፈገፈግበትን ማለቴ አይደለም። የሚፈለገው «አራት ዜሮ» የሚባለው ነው፤ በእጅ ሲነካ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ። ለኒኬል ግን እሱም አይሆንም። ሽቦውንም ብረቱንም ዘይት አጠጡ፣ በሁለት ጣት ያዙ፣ ሳትጫኑ አሹ። አሥር ጊዜ ያህል አሽታችሁ ጥረጉና ጨርቁን እዩ። ቡናማ ከሆነ እየወጣ ያለው ዝገቱ ነው። ቡናማው ሲያልቅ አቁሙ። ብረቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቢታያችሁ እሱን አታሳዱ። ዝገት የበላው ብረት አይመለስም፤ እሱን ለማስተካከል ስትሉ በዙሪያው ያለውን ደህናውን መልክ ታነሳላችሁ።

ነጥቧን የሚያጠቁር ፈሳሽ በጠርሙስ ይሸጣል። ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ግራጫ ሆነ፣ ከሌላው ጋር አልገጥም አለ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ለቀቀ። ሙሉውን እንደ አዲስ ማስጠቆር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሚሰበሰብ ዓይነት መሣሪያ ከሆነ ያረጀው የፋብሪካ መልክ ከአዲሱ ይልቅ ዋጋ አለው።

6. ዘይት ወይስ ሰም?

ቶሎ ቶሎ የሚነካ ከሆነ ስስ ዘይት። ስስ ስል እውነቴን ነው፤ ጨርቁን አርጥባችሁ ማስነካት እንጂ ማንጠብጠብ አይደለም። የተረፈው ወደ እንጨቱ ይሰርግና ያጠቁረዋል፣ ውስጥም ገብቶ እንደ ሙጫ ይጠነክራል። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ እኔ ሰም እመርጣለሁ። ሬኔሳንስ የሚባለው ሰም መነሻው የብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ነው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ሲደርቅ ወልውሉት። ከዚያ በኋላ የጣት አሻራ ብረቱ ላይ ሳይሆን ሰሙ ላይ ነው የሚያርፈው።

ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን የሚረጭ ፈሳሽ የሚያመልኩ ሰዎች አሉ። ስሙ ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ «ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛ ሙከራ» ማለት ነው። መሣሪያው ዝናብ ከመታው ውሃውን ለማስለቀቅ ጎበዝ ነው። ለወራት ጥበቃ ግን ዋናውን ዓይነት አትመኑት።

7. ማስቀመጥና መያዝ

የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፤ በግምት አይሆንም። እርጥበት የሚጠጣውን ሲሊካ ጄል ጨምሩበት። ሲጠግብ መልኩን የሚለውጠውን ዓይነት ግዙ፤ በምድጃ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገቡት ብረቱ ያልበዋል። እስኪሞቅ ጠብቃችሁ ጥረጉትና ከዚያ አስቀምጡ።

መልኩን የሚፍቀው ዝገት ብቻ አይደለም። ሲሊንደሩ ላይ የምታዩት ቀለበት የመሰለ ጭረት የሚመጣው ሲሊንደሩን ከምታቆመው ትንሽ መቆለፊያ ነው። ለጨዋታ ባዞራችሁት ቁጥር ይጎላል። እንደ ፊልም በእጅ አንጓ ወርወር አድርጎ መዝጋት ደግሞ ሲሊንደሩን የተሸከመውን ክንድ ያጣምማል። በሁለት እጅ ዝጉት።

ሰው አይቶ ሲመልስላችሁ ወዲያው ጥረጉት። የአንዳንዱ ሰው ላብ ከአንድ ሌሊት በላይ ጊዜ አይሰጥም፤ ጠዋት አሻራው ቀልቶ ይገኛል። ካልተነካ በወር አንድ ጊዜ ይበቃዋል። እኔ ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያቺን ነጭ ቦታ ነው። ዘይት የሚይዝላት ሽፋን ስለሌላት ቀድማ የምትቀላው እሷ ናት፤ ሰሙንም ሁለት ጊዜ የምቀባው ለእሷ ብቻ ነው።