ከአሮጌ ማንኪያ የዓሣ ማባበያ አሠራርና የመገጣጠሚያዎቹ አመራረጥ

ማንኪያ መሰል የብረት ማባበያ በውኃ ውስጥ ሲጎተት ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ስለሚያብለጨልጭ፣ አዳኝ ዓሣ የደከመ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይነክሰዋል። አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡኤል በ1852 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ማባበያ መሠረታዊ ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ለአገራችን ውኃም ይስማማል፤ በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባሉ ከሚጠሩት 15 የባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፣ በጫሞ ሐይቅም ዓሣ በሊታው ናይል ፐርች አለ። ዋና ምግቡ ዋቅላሚ (አልጌ) የሆነውን ቆሮሶ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ሥራ ትርፍ ድካም ነው።

የማባበያው አካል የሚሰበርበት ጊዜ እምብዛም የለም። ትልቅ ዓሣ የሚያመልጠው ቀለበት ሲከፈት፣ መንጠቆ ሲቃና ወይም ክር ሲበጠስ በመሆኑ፣ አካሉን ከወጥ ቤት ዕቃ በነፃ ሠርቶ ገንዘቡን ለመገጣጠሚያዎቹ ማዋል ይበጃል።

ለአካሉ ከጀርባው 18/8 ወይም 18/10 የሚል ምልክት ያለበት የማይዝግ ብረት ማንኪያ ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የክሮሚየሙን፣ ሁለተኛው የኒኬሉን መቶኛ ያመለክታል። ምልክቱ ከጠፋ ማግኔት ያስጠጉ፤ አጥብቆ ከሳበው ኒኬል የሌለው፣ ቶሎ የሚዝግ ዐይነት ሊሆን ይችላል። የአሉሚኒየም ማንኪያ ለመሥራት ቢቀልም ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ ሩቅ አይወረወርም፣ በቀላሉም ይጣመማል።

ማንኪያውን እንዳይጫጫር በጨርቅ ጠቅልለው በሞርሳ ይሰሩና እጀታውን ከጎድጓዳው ሥር በሴጌቶ ይቁረጡ፤ የተቆረጠውንም ጠርዝ በሞረድ ያለስልሱ። ቀጥሎ በሁለቱም ጫፎች፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በጠንካራ ሹል ብረትና በመዶሻ ነጥብ ያድርጉ። በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ሲበሱ 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ)፣ ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ጠብታ ዘይትና የማያቋርጥ ጫና ያስፈልጋል። የማይዝግ ብረት ፑንታው ሳይቆርጠው ከላዩ ላይ ሲሽከረከርበት ይበልጥ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ፍጥነት መጨመር ፑንታውን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም። ማንኪያውን በእጅ ይዞ መብሳት ፈጽሞ አይገባም፤ ፑንታው ያዝ ካደረገው እንደ ምላጭ ይሽከረከራል። የዐይን መከላከያም ያድርጉ። የቀዳዳዎቹን ስለታም ጠርዝ በወፍራም ፑንታ በእጅ እያዞሩ ይሙረዱና በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱ።

ክሩን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ ማሰር አይገባም፤ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ብረቱ ናይለኑን ይበላዋል። በሁለቱም ጫፎች እንደ ቁልፍ መያዣ ድርብ የተጠቀለለ የማይዝግ ቀለበት ይግባ። ከመግዛትዎ በፊት ቀለበቱን በፒንሳ ትንሽ ከፍተው ይልቀቁት፤ ክፍተት ሳይተው ካልገጠመ ይመልሱት። በሾጠጥ ያለው ጫፍ ከቀለበቱ ቀጥሎ ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ማያያዣ ይታሰራል፤ በጣት ሲዞር የሚንገራገጭ ከሆነ ክብደት ሲያርፍበት ጨርሶ አይዞርም። መንጠቆው በሰፊው ጫፍ ይንጠለጠላል። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ሲስቡት ቢንሸራተት ደንዟል ማለት ነው፣ ያዝ ካደረገ ግን ጥሩ ነው። ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ በብዛት ቢሸጥም እኔ ወፍራም ባለአንዱን እመርጣለሁ፤ ሣር አያግበሰብስም፣ የሚለቀቀውንም ዓሣ ብዙ አያቆስልም።

ክሩን ሲያስሩ ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ በደረቁ የተጠበቀ ናይለን በፍትጊያ ሙቀት ይዳከማል።

መጀመሪያ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ ይሞክሩት። መዋለል ትቶ ከተሽከረከረ ጎድጓዳነቱ በዝቷልና በእንጨት መዶሻ ትንሽ ዝርግ ያድርጉት፤ ቀጥ ብሎ ከመጣ ደግሞ ጫፉን በትንሹ ያጉብጡት። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ እዚያ ከባድ ማንኪያ ጭቃ ውስጥ ከመግባት ያለፈ ጥቅም የለውም። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በገልፍ አገሮች ወይም በእስራኤል፣ የሚያጠምዱ ግን ጨው 18/8 ብረትን ሳይቀር ስለሚቦረቡር ሁሉንም ክፍል በየጊዜው በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው ያስቀምጡ፤ ቀለበቱና መንጠቆውም ዝገት እንደታየባቸው ይቀየሩ።