ሮሽፎር 10ን ለመቅመስ አትቸኩሉ

ሮሽፎር 10 የተባለው የቤልጅየም ቢራ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይከፈትም። ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ብራስልስ ውስጥ በምሠራበት ቢራ ቤት የአገሬ ልጆች ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በረዶ የሆነ አለ?» የሚል ነው። ለቀላል ቢራ ልክ ናቸው፤ ጥም የሚቆርጠው ቅዝቃዜው ነው። እንዲህ ያለውን ብርቱ ጥቁር ቢራ ግን ቅዝቃዜ ያፍነዋል፤ መዓዛው አይወጣም፣ ምላስም ይደነዝዛል። አፉን የሚፈታው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው።

ይህ ቢራ የሚጠመቀው በደቡብ ቤልጅየም፣ በናሙር ክፍለ ሀገር በሚገኘው የቅዱስ ሬሚ ገዳም ነው፤ ገዳሙ ትራፒስት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ነው። ቆቡ ሰማያዊ ነው፤ ታናናሾቹ 6 እና 8 ቀይና አረንጓዴ ቆብ አላቸው። 10 የሚለው ቁጥር የአልኮል መጠን አይደለም፤ እርሾ ከመግባቱ በፊት የብቅሉ ውኃ ምን ያህል እንደወፈረ ይለካበት የነበረ የድሮ የቤልጅየም መለኪያ ነው። አልኮሉ 11.3 በመቶ ነው። 33 ሳንቲ ሊትር በሚይዘው ጠርሙስ ውስጥ 37 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ አልኮል አለ ማለት ነው፤ 5 በመቶ አልኮል ካለው ቢራ ሁለት ጠርሙስ ከመጠጣት ይበልጣል። ለቅምሻ አንዱ ጠርሙስ ለሁለት ሰው ይበቃል። መኪና የሚነዳ ሰው በሌላ ቀን ይምጣ።

ለመለኪያነት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘይቤ የሚጠምቁ አነስተኛ ፋብሪካዎች ዛሬ በየአገሩ አሉ፤ የእነሱን ሥራ ለመመዘን መጀመሪያ ዋናውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅምሻው የሚጀምረው ከክፍሉ ነው። ዕጣን በተጨሰበት ቤት ቢራ አይቀመስም። ሽቶ አትቀቡ፤ ቡና ከጠጣችሁ ደግሞ ሰዓት ያህል ታገሡ። ዶሮ ወጥ ከበላችሁ ለዚያ ቀን ተዉት፤ በርበሬውና አልኮሉ ተደጋግፈው አፍ ያቃጥላሉ፣ የማይገባ ፍርድም ታስተላልፋላችሁ። ነጭ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ሰፊ አፍ ያለው የገዳሙ ዋንጫ ያምራል፤ ለፍርድ ግን ሆዱ ሰፍቶ አፉ ጠበብ የሚለውን ብርጭቆ እመርጣለሁ፤ መዓዛውን ይሰበስበዋል። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፤ የቀረ ሳሙናም ሆነ ቅባት አረፋውን ይገድለዋል።

ጠርሙሱ ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ቆሞ ይደር። ቢራው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ስለሚብላላ እርሾው ከታች ይዘቅጣል። ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በጎኑ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ ከግማሽ ሲያልፍ ቀና አድርጉትና መሃሉ ላይ አፍስሱ። ሁለት ጣት አረፋ ይበቃል። ጠርሙሱን አንዴ ካዘነበላችሁት መልሳችሁ አታቁሙት፤ አተላው ይነሣል። የመጨረሻው አንድ ጣት ያህል እዚያው ይቅር። አተላው ከገባ ጉሽ ጠላ ይሆንባችኋል፤ የጉሽ ወዳጆች አይቀየሙኝ፣ እኔም እወደዋለሁ፤ እዚህ ግን ስለ ቢራው ሳይሆን ስለ እርሾው ልትፈርዱ ነው።

መልኩ ላይ ብዙ አትቆዩ። ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ፣ አረፋው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

ሽታው ላይ ግን ቆዩ። አፍንጫችሁን ነክራችሁ ረጅም ትንፋሽ ከሳባችሁ አልኮሉ ይቀድማችኋል፤ አጠር አጠር አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽትቱና ፊታችሁን ዞር አድርጉ። ያገኛችሁትን ከመቅመሳችሁ በፊት ጻፉ፤ ከቀመሳችሁ በኋላ አፍንጫ የምላስን ቃል ነው የሚደግመው። «ጥሩ ሽታ» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም። ዘቢብ ነው ወይስ ተምር? ደረቅ በለስ? የተቃጠለ ስኳር? ዘቢቡና የተቃጠለው ስኳር በአብዛኛው ከብቅሉና ከጥቁሩ ስኳር ይመጣሉ፤ የሙዙና የቅርንፉዱ ሽታ ግን የእርሾው ሥራ ነው፤ ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም። ድንብላል ግን በእርግጥ ይገባበታል፤ እሱን ለይታችሁ ካገኛችሁ አፍንጫችሁ ሠልጥኗል።

አሁን ቅመሱ። የመጀመሪያውን ጉንጭ አትቁጠሩት፤ ምላስን ያለማምዳል። ሁለተኛውን በአፋችሁ አዙራችሁ ዋጡትና በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። የወይን ጠጅ ቀማሾች ይተፋሉ፤ እኛ እንውጣለን፣ የቢራ ምሬት ጎልቶ የሚወጣው ከዋጡ በኋላ ነውና። ጣፋጭ ጀምሮ ደረቅ ብሎ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ ጠፍቶ፣ ማለቅ አለበት። ስኳር የገባበት ቢራ የሚያጣብቅ ይመስላል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። እርሾው ስኳሩን ጠርጎ ስለሚበላው አልኮል ይጨምራል እንጂ ቢራውን አያወፍረውም። ብዙ አስመሳዮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ብርታትን ከውፍረት ጋር ያምታቱና ሽሮፕ ያቀርቡልናል፣ አንዳንዶቹም ጉድለቱን በቅመም ሊሸፍኑት ይሞክራሉ።

አልኮሉ ደረት ላይ እንደ ሙቀት ቢሰማ ደንብ ነው። ጉሮሮ ካቃጠለ፣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ግን ጥፋቱ የጠማቂው ነው፤ ብዙውን ጊዜ እርሾው ከልክ ባለፈ ሙቀት ሠርቷል ማለት ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አየር ገብቶበታል፤ ቅቤ ወይም የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተም ነጥብ ቀንሱ።

ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጡና ሩብ ሰዓት ያህል አውሩ። ስትመለሱ ቢራው ሌላ ነው። ጥሩው ሲሞቅ ይከፈታል፤ ቅዝቃዜ ነውሩን የሸፈነለት ሲሞቅ ይጋለጣል። እኔ የመጨረሻ ነጥቤን የምሰጠው በዚህ ሰዓት ነው።

ለነጥቡ ቢጄሲፒ የተባለው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ፕሮግራም የሚጠቀምበት የ50 ነጥብ ቅጽ ያገለግላል፤ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰማው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑ ደስ ይለኛል። ሮሽፎርን ከሌላ ፋብሪካ ቢራ ጋር ስታወዳድሩ ሌላ ሰው ከጓዳ ቀድቶ ያምጣላችሁ፤ መለያውንም ዋጋውንም አትዩ። ሲገዙ ሁለት ጠርሙስ መግዛት ነው፤ አንዱ ከብርሃን ርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ቆሞ ለከርሞ ይቀመጥ፤ የዛሬው የነጥብ ወረቀትም በላስቲክ ይታሰርበት።