እርጉዝ እህቶቼ፣ በፍሉ ክትባት ላይ እነዚህን አትሳሳቱ

ዋሽንግተን አካባቢ ነርስ ነኝ። መስከረም ጠብቶ የፍሉ (የኢንፍሉዌንዛ) ክትባት ሲመጣ ከሐበሻ እርጉዞች ደጋግሜ የምሰማት መልስ አለች። «እርጉዝ ነኝ እኮ! ልውለድና እወስዳለሁ።»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እህቴ፣ ለልጅሽ ሳስተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ክትባቱ በእርግዝና የሚሰጠው ለእሱም ጭምር ነው። ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው የፍሉ ክትባት አይሰጠውም። እስከዚያ ዋናው መከላከያው አንቺ ተከትበሽ በእንግዴ ልጁ በኩል የምታቀብይው ነው። ከወለድሽ በኋላ ብትከተቢ አንቺን ይጠብቅሻል፣ በጡትሽም ትንሽ ይደርሰዋል። ከማህፀን ይዞት የሚወጣው ስንቅ ግን አመለጠው ማለት ነው። «የመጀመሪያው ሦስት ወር ይለፍ» ብሎ መጠበቅም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ምክሩ «በየትኛውም የእርግዝና ወር ውሰጂ» ነው።

«ጉንፋን ምን ታመጣለች?» የምትልም አለች። በእርግዝና ልብሽ ከወትሮው በላይ ይሠራል። ሳንባሽ ቦታ ይጠበዋል። የሰውነትሽ የመከላከል አቅምም ይለወጣል። ስለዚህ ፍሉ እርጉዝ ላይ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሳማ ጉንፋን ወረርሽኝ ጊዜ እርጉዞች ከአሜሪካ ሕዝብ 1 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በበሽታው ከሞቱት ግን 5 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምናቃጥለው እኮ በ1911 ዓ.ም. ያን ያህል ሰው የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። እሱም ፍሉ ነበር። በሥራዬ ያየኋት አንዲት የሰባት ወር እርጉዝ «ብርድ መቶኝ ነው» ብላ ቀናት ቤቷ ተኛች። ስትመጣ መናገር ጀምራ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ኦክስጅን ላይ ሰነበተች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ።

«ክትባቱ ራሱ ያሳምማል» ለምትሉ፦ መርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ድካም ወይም ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ በቃ። ለመከላከል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በመሃል ፍሉ ሊይዝሽ ይችላል፤ ያኔ ክትባቱን አትውቀሺ። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት ግን ለእርጉዝ አይሰጥም፣ እሱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው።

«አገር ቤት ወስጃለሁ» አይሠራም። እዚያ ለእርጉዞች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነው። ያምናው የፍሉ ክትባትም ለዘንድሮ አይሆንም።

ባልን አስተርጓሚ ማድረግስ? ሐኪሟ ስለ ክትባቱ ትጠይቃለች፣ ባል ሚስቱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት «ኖ፣ ሺ ዳዝንት ዋንት» (አትፈልግም) ይላል። እሷ ምን እንደተጠየቀች ሳታውቅ ቀጠሮው ያልቃል። ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል። ወንድሞቼ፣ ክፋት እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቱ የእሷ ነው፣ ጥያቄውም ለእሷ ነው። ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ሊያቀርብልሽ ይገባል፣ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ደህና ቢሆን እንኳ ጠይቂ፣ የሕክምና ቃል ሌላ ነው።

የመጨረሻው፣ ከታመሙ በኋላ ዳማከሴና ጤና አዳም እየቀቀሉ መቆየት። የዝንጅብል ሻይሽን ጠጪ፣ ጤና አዳሙን ግን ተዪው፤ ለእርጉዝ አይመከርም። ትኩሳትና ቁርጥማት እንደጀመረሽ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ደውዪ። ታሚፍሉ የሚባለው መድኃኒት ለእርጉዞች ይታዘዛል፣ የበለጠ የሚሠራውም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለትኩሳቱ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ይሆናል፤ አድቪል (አይቡፕሮፌን) ግን ሐኪም ሳትጠይቂ አትዋጪ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።