ልብ ቀድሞ ሲመርጥ፤ መራጮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 2013 ነው። ቅስቀሳው ቆሞ የድምፅ መስጫው ቀን በሚጠበቅበት የጥሞና ሰሞን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድሁ። አንዲት እናት የምርጫ ካርዳቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው እያሳዩኝ፣ «እኔስ የምመርጠውን አውቄያለሁ ልጄ፤ ፊቱ ላይ ጨዋነት ይነበባል» አሉኝ። እጩው ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ረከቦቱን ከብበን ከተቀመጥነው ሰባት ሰዎች መካከል ስለ መረጠው እጩ ሐሳብ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገረ አልነበረም። ሁላችንም ግን በልባችን መርጠን ጨርሰን ነበር።

ስሜት ከምርጫ ፈጽሞ ይውጣ የሚሉትን አልቀበልም። ልጁ ሥራ ያጣበት አባት፣ የዘይት ዋጋ ያንገበገባት እናት ቢቆጡ እውነት አላቸው። ስሜት ጥያቄውን ያንሣ፤ መልሱን ግን ሌላ ነገር ይስጥ ነው የምለው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ የሚመጡት ስሜት ሁለቱንም ሥራ ጠቅልሎ ሲይዝ ነው።

ፊትን እንደ ማስረጃ መቁጠር

የእኚያ እናት ነገር የብዙ ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ለአሜሪካ ሴኔት የተወዳደሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳየ። ተመልካቾቹ ፊቱን ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ አይተው «ብቃት ያለው ይመስላል» ያሉት እጩ 70 በመቶ ገደማ በሚሆነው ውድድር አሸናፊው ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሰከንድ ስለ በጀት የሚታወቅ ነገር የለም። እጩውን ፊቱ ካስወደደዎት፣ የተናገረውን ሌላ ሰው እንዲያነብልዎት ያድርጉና ፊቱን ሳያዩ ያድምጡት።

የፈራነውን ሁሉ ለሚያስፈራራን ሰው ማስረከብ

ይህ ለእኛ ከባዱ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጅ አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በእግሩ የወረደ ሰው ስለ ፍርሃት ከመጽሐፍ አይማርም። እንዲህ ያለ ሰው «እኔ ከሌለሁ ትጠፋላችሁ» የሚል እጩ ሲሰማ ያ መንገድ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰው ያጣው ነገር የሚያመው ያንኑ ያህል ሲያገኝ ደስ ከሚለው ይበልጥ ነው። ቀስቃሾች ይህንን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰን የምርጫ ቅስቀሳ አንዲት ሕፃን የአበባ ቅጠል ስትቆጥር አሳይቶ የኒውክሌር ፍንዳታ አስከተለ። ማስታወቂያው የተቀናቃኙን ስም እንኳን አልጠራም፤ ተከፍሎበት የተላለፈውም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ይወራለታል።

ፍርሃታችንን አንካድ፤ የደረሰብንን ደርሶብናል። ነገር ግን የሚያስፈራራንን ሰው ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ይህ እንዳይመጣ በየትኛው ሕግ ትከላከላለህ? በምን ገንዘብ? ከማን ጋር ተነጋግረህ? ለሦስቱም መልሱ ያው ማስፈራራት ከሆነ፣ ሰውየው የያዘው ቁስላችንን ብቻ ነው።

«ከእኛ ነው» ብሎ ጥያቄን ማቆም

ወሎ ውስጥ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው፤ «ከእኛ» የሚለው ቃል የት ላይ እንደሚያልቅ እንኳን ለእኛ ለማንም ግልጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ድሩ ዌስተን የተባለ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የፓርቲ ደጋፊዎችን አእምሮ በመሣሪያ ተከታትሎ ነበር። ደጋፊዎቹ የተቀናቃኙ እጩ ንግግር እርስ በርሱ ሲጋጭ ወዲያው ለዩ፤ የራሳቸው እጩ ንግግር ሲጋጭ ግን ሰበብ አገኙለት። እኔ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው፦ የወደድሁትን ንግግር በልቤ ለማልወደው እጩ አፍ እሰጠዋለሁ። እርሱ ቢለው የሚያስቆጣኝ ከሆነ፣ የእኔም ሰው ሊያስቆጣኝ ይገባል።

በወረቀቱ ላይ የሌለን ሰው መምረጥ

ብዙዎቻችን ወደ ጣቢያው የምንሄደው የፓርቲውን መሪ እያሰብን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። እኛ የምንመርጠው የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ነው፤ ለአምስት ዓመት ሕግና በጀት ላይ እጁን የሚያወጣው እርሱ ነው። የኮብልስቶንና የቧንቧ ጉዳይም የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ኮብልስቶን አነጥፋለሁ እያለ የሚምል የፓርላማ እጩ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እኛ እንደማናውቅ ያውቃል።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?»

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ አለበት። አንቶኒ ዳውንስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስረዳው፣ አንድ ድምፅ ምርጫ የመለወጥ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለመራጩ አድካሚውን ንባብ መተው ያዋጣዋል። ንባቡ ሲቀር ቦታውን የሚይዘው ስሜት ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የፍሎሪዳ ግዛት ውጤት የተለየው ወደ ስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ በ537 ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ስለዚህ የንባቡን ድካም እንካፈለው። ቡና የሚጠጡ ስድስት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የአንድን ፓርቲ የምርጫ ማኒፌስቶ ቢያነብቡና ከአቦል እስከ በረካ ቢነጋገሩ፣ የአንዱ ድካም ስድስተኛ እጁ ብቻ ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን ለሁሉም ነው።

በዚያ ቀንም የሆነው ይኸው ነው። ቶናው ሲቀዳ እኚያ እናት፣ «ለመሆኑ ይህ ልጅ ስለ ኑሮ ውድነቱ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። የቤቱ ልጅ ቅስቀሳ ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ከሳጥን አውጥቶ የእጩውንም የሌሎቹንም ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለት ቦታ ላይ «ድገመው» አሉት። በረካው ሲደርስ ካርዳቸውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ማንን እንደመረጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።