ጥቂት ጠብታ ፈሳሽን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያሞቅ ማሞቂያ እንዴት ይሠራል?

የወባን ዘረመል በላምፕ (ዘረመሉን በአንድ ሙቀት ላይ በሚያባዛ ዘዴ) ለመመርመር ናሙናው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ ለመሥራት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ሙቀቱን ከየት እንደሚያመጣ ነው። ሙቀቱስ ይገኛል፤ ሥራውን የሚያበላሸው በየት በኩል እንደሚያመልጥ አለማወቅ ነው።

መጀመሪያ አስሉ። ናሙናውን የሚይዘው ትንሽ ክፍል 10 በ10 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን 50 ማይክሮ ሊትር ይይዛል። ይህን ውኃ ከ22 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 9 ጁል ገደማ ይበቃል። ክፍሉን የተሸከመው 20 በ20 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ከሞቀ በኋላ በሁለት ፊቱ ወደ አየር የሚያጣው ሲሶ ዋት አካባቢ ነው። 2 ዋት ካላችሁ ተርፏችኋል።

ቀጥሎ ከረንት ሲያልፍበት የሚሞቀውን የመዳብ መስመር ሳሉ። በሰርኪት ቦርድ ላይ ያለው መዳብ አብዛኛውን ጊዜ 35 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። ስፋቱም ክፍተቱም 0.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ እየተጠማዘዘ 16 በ16 ሚሊ ሜትር የሚሞላ መስመር ሬዚስታንሱ 1.5 ኦም ገደማ ነው። ማሞቂያው ከክፍሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ጠርዙ ይቀዘቅዛልና። በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር ካገናኛችሁት 16 ዋት ያመነጫል፤ ቦርዱ ያርራል። በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) እያበራችሁና እያጠፋችሁ ከጊዜው አንድ አሥረኛውን ብቻ ኃይል ስጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መሃሉ በአራት ወገን በሞቀ ጎረቤት ተከቧል፤ ጠርዙ አንድ ወገኑ፣ ማዕዘኑ ደግሞ ሁለት ወገኑ ለብርድ ክፍት ነው። መሃሉ ሲያር ዳሩ ጥሬ የሚቀር የኤሌክትሪክ ምጣድ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስለዚህ መስመሩን ወደ ጠርዝ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ፣ መሃል ላይ ሰፊና የሳሳ አድርጉት። ግን ተጠንቀቁ፦ ይህ የሚሠራው መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይከፋፈል የሚሄድ አንድ መስመር ከሆነ ነው። መስመሮቹ ጎን ለጎን በፓራለል ከተገናኙ ቀጭኑ ትንሽ ከረንት ስለሚደርሰው ጠርዙ ይባስ ይቀዘቅዛል።

በማሞቂያውና በክፍሉ መካከል የ1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም አስገቡ፤ ከመዳቡ በካፕቶን (ሙቀት በሚችል፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ) ፕላስተር ይለይ። አሉሚኒየም ከውኃ 400 ጊዜ ያህል የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። ሙቀትን ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይረው ሌላ የዘረመል ማባዣ ዘዴ፣ ለፒሲአር፣ ግን ያዘገያል።

ሙከራው ርካሽ ነው። ሻማ ፍቃችሁ አሉሚኒየሙ ላይ በስሱ ቀቡና በዝግታ አሙቁ። መሃሉ ጠርቶ ማዕዘኖቹ ነጭ ሆነው ከቆዩ የጠርዙን መስመር አጥብቡ። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይዋሻል፤ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉበት። የመዳቡ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ስለሚጨምር ራሱ ቴርሞሜትር ይሆናል፤ የሚነግራችሁ ግን አማካዩን እንጂ የማዕዘኑን ቅዝቃዜ አይደለም።

ላዩን በፎም ሸፍኑ፤ ካልሆነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ይጤዛል። ፒሲአር የምታስቡ ከሆነ ደግሞ 95 ዲግሪ ያስፈልጋችኋል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክፍሉ በደንብ ካልታሸገና ክዳኑ ካልተጫነ አረፋው ናሙናውን ይገፋዋል፤ ፈሳሹንም አስቀድማችሁ አሙቁትና የተሟሟ አየሩን አስወጡለት።