ሳምቡሳ ለመጀመር ላሰብሽ እህቴ

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ አጠገብ ሳምቡሳ መጥበስ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የምነግርሽ ስለ ዘይት አይደለም፣ ስለ ሰዓት ነው። ወንድ ነጋዴ ሲነቃ ሱቁን ብቻ ያስባል። አንቺን ግን ልጅ፣ ቁርስና ውሃ ይጠብቁሻል። ምጣዱን ከመጣድሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ልጅ ማን ያደርሳል? ምሳ ማን ያሞቃል? እኔ ይህን ሳልጨርስ ገብቼ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከዚያ ገንዘቡን ለዪ። እኔ ሁለት ጣሳ አለኝ። ቀዩ ለምስር፣ ለዱቄትና ለዘይት ነው፤ ክዳኑ በሊጥ ጣት ተዥጎርጉሯል። ሌላው ለቤት ነው። ዘመድ ሲቸግረው "ሴት ልጅ እንዴት እምቢ ትላለች?" ይባላል። ከቤቱ ጣሳ ስጪ፣ ቀዩን አትንኪ። እቁብሽንም የምትችይውን ያህል ብቻ ጣይ።

ሕጉንም እወቂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል፤ ድሬዳዋም ላይ ይሠራል። ገቢሽን በራስሽ ስም ባንክ ማስገባት ትችያለሽ። በትዳር ውስጥ ሠርተሽ ያገኘሽው ግን የጋራ ነውና አትደብቂው።

"ሴት አምሽታ ምን ትሠራለች?" የሚል ወሬ ይመጣል። እዚህ አገር ግን ሰው ከቤት የሚወጣው ፀሐይ ሲበርድ ነው። በረመዳን ደግሞ ገበያው ከማፍጠሪያ በፊት ያለችው ሰዓት ናት። ከጎንሽ ከምትሸጥ ሴት ጋር ተስማሙና ማታ አብራችሁ ወደ ቤት ግቡ።