ሻይ ቅጠላችሁን ከፍሪጅ አውጡልኝ

ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብልኝ ከመጠጣቴ በፊት አሸታለሁ። የሙያ አመል ነው፤ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን አፍንጫዬ ቅጠሉ የት እንደከረመ ቶሎ ይነግረኛል። ቅርንፉድ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ሳሙና።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ፍሪጅ ነው። ማሸጊያው ላይ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል። ኧረ በፈጠራችሁ! ከምድጃው የራቀ ቁም ሳጥን ይበቃዋል። ሻይ ቅጠል ደርቆ ሲያልቅ ውስጡ የሚቀረው ውሃ ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደተጠማ ነው፤ ያገኘውን እርጥበትና ጠረን ሁሉ ይመጥጣል። ጣሳውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ስትከፍቱት የክፍሉ ሞቃት አየር ይገባና ቀዝቃዛው ቅጠል ላይ ጤዛ ይሠራል። ጠዋት አውጡ፣ ክፈቱ፣ መልሱ። ማታም እንደዚያው። ይሄ ማስቀመጥ ነው ወይስ ቀስ ብሎ መንከር?

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራውን ስጀምር ግማሽ ኪሎ ምርጥ አረንጓዴ ሻይ፣ ክዳኑ በላላ ጣሳ፣ ከተቆረጠ ሽንኩርት አጠገብ አስቀመጥኩ። ከሳምንት በኋላ ለእንግዳ አፈላሁለት። አንድ ጊዜ ፉት አለና «ሾርባ ነው?» አለኝ። ሁሉንም ደፋሁት።

ያልተከፈተና በደንብ የታሸገ አረንጓዴ ሻይ ፍሪጅ ቢገባ ግን አልጣላም። ሲወጣ እሽጉ ሳይነካ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ተመልሶ አይግባ።

የቅመም መደርደሪያም ያው ነው። የጃስሚን ሻይ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ቅጠሉን ከትኩስ አበባ ጋር ሌሊቱን ያሳድሩታል፤ ሽታውን ጠጥቶ ያድራል። በኋላ አበባው ይለቀማል። ቅጠሉ ግን ይሄ አበባ ነው፣ ይሄ ቅርንፉድ ነው ብሎ አይመርጥም። ከቡናም አርቁት።

መስኮት ላይ የሚደረደር የሚያምር ብርጭቆ ማሰሮ አለ ደግሞ። ብርሃን ሲመታው የቅጠሉ አረንጓዴ ይገረጣል፤ ጣዕሙም የደረቀ ሣር የደረቀ ሣር ይላል። ማሰሮውን ከወደዳችሁት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ እዚያ ማንንም አይጎዳም።

እርጥብ ማንኪያ? በጭራሽ።

ለጀማሪ ብዙ የማልቆጣው በጣሳው ስፋት ነው። ሻዩ እያለቀ ሲሄድ ጣሳው በአየር ይሞላል፤ ያ አየር የቀረውን ያደክመዋል። ወደ ትንሽ ጣሳ አዛውሩት፣ አለቀ። አዲሱን በአሮጌው ላይ መገልበጥ ግን ይከብደኛል። የታችኛው ቅጠል መቼ እንደገባ ማንም አያስታውስም።

ባለ ክሩን የከረጢት ሻይ በወረቀት ካርቶኑ መተውም አይሆንም። ውስጡ ያለው ቅጠል የደቀቀ ስለሆነ አየር የሚያገኘው ገላው ብዙ ነው፤ ከሙሉው ቅጠል ቀድሞ ሽታው ይጠፋል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ብዙ መግዛትም አለ። አረንጓዴ ሻይ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ ጥቁር ሻይ በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ይሄዳል። ፑኧር የሚባለው የቻይና ሻይ ግን ሕጉን ያፈርሳል፤ እሱ ሲያረጅ የሚጣፍጥና ጥቂት አየር የሚፈልግ ነው።

ሻጋታ ካያችሁ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አድነዋለሁ አትበሉ፤ ጣሉት። ሻጋታ ሳይነካው እንዲሁ የደከመ አረንጓዴ ሻይ ግን ንጹሕ ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ በቀስታ እሳት እያገላበጣችሁ አምሱት። የድሮው ጣዕም አይመለስም፤ ደስ የሚል የቆሎ ሽታ ያለው ሌላ ሻይ ይወጣችኋል። መጥበሻው ትናንት ሽንኩርት የጠበሳችሁበት ከሆነ ግን ወደኔ ሾርባ ተመለስን ማለት ነው።